የቢሮው ፋይል በሰራተኛ የግል ጂሜይል ላይ ነው፣ እሷ ልትለቅ ነው፣ ድራይቩም ሞልቷል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው፦ ስድስት ሰው የሚሰራበት የሂሳብ ቢሮ አላችሁ፣ የደንበኞች ደረሰኝ፣ ፔሮል፣ የባንክ ስቴትመንት ምናምን ሁሉ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው፣ ድራይቩ ግን የተከፈተው በሴክሬታሪያችሁ የግል ጂሜይል ነው፣ እሷ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ልትለቅ ነው። በዛ ላይ ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ሞልቶ ኢሜይል መቀበል አቁሟል፣ የአንድ ደንበኛ ፎልደር ከሁለት ሳምንት በፊት የት እንደገባ ጠፍቷል፣ አለቃችሁ ደግሞ "ሁሉንም ቴሌግራም ላይ እንጫነውና እንገላገል" እያሉ ነው። አንተ የጠየቅከው 100 ጊጋ ቦታ ልግዛ ወይስ እንዳሉት ቴሌግራም ይሻላል ብለህ ነው።

ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። በተለይ አሁን ባለው አካውንት ላይ 100 ጊጋ እንዳትገዛ፣ ምክንያቱም የምትገዛው ለልጅቷ ነው፣ እሷ ስትሄድ ቦታውም ፋይሉም አብሯት ይሄዳል። ከቦታው በፊት መፈታት ያለበት ፋይሉ የማን ነው የሚለው ነገር ነው። ቢሮዎች ጠርተውኝ ስሄድ የማየው ጣጣ አብዛኛው ከዚሁ ይጀምራል፣ ስራ ሲጀመር አንዱ ሰራተኛ በእጁ ባለው ጂሜይል ፎልደር ይከፍታል፣ ለጓደኞቹ ሼር ያደርጋል፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ከዛ ቢሮው በሙሉ በአንድ ሰው ፓስወርድ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፣ ማንም ደግሞ አስቦ አላደረገውም።

መጀመሪያ ግን የጠፋው ፎልደር፣ ምክንያቱም እሱ ቀነ ገደብ አለው። ድራይቭ ላይ የተሰረዘ ነገር ትራሽ (የተሰረዘ የሚጣልበት ቦታ) ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው፣ ከዛ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። እስከ 2020 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ድረስ አንተ ራስህ ካላጠፋኸው እዛው ይቀመጥ ስለነበር ብዙ ሰው አሁንም እንደዛ ይመስለዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈ የቀራችሁ ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ዛሬ አድርገው። የራስህን ትራሽ ከፍተህ "የለም" ብለህ እንዳትደመድም፣ የተሰረዘ ፋይል የሚገኘው የፋይሉ ባለቤት ትራሽ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሷም የሌሎቹም መታየት አለበት። ቀጥሎ ፎልደሩ የነበረበትን ትልቁን ፎልደር በኮምፒውተር ክፈትና በቀኝ በኩል የሚወጣውን የኢንፎ ምልክት ነካ አድርገህ አክቲቪቲ የሚለውን እይ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳነሳና የት እንዳዛወረ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። እኔ የማየው ብዙ ጊዜ ስርቆትም ተንኮልም አይደለም፣ ማውስ ሸርተት ብሎ ፎልደሩ ጎረቤቱ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ሰው ሳትጠረጥር መጀመሪያ አክቲቪቲውን እየው።

ሌላም አለ። ኤዲተር የሆነ (የመቀየር መብት የተሰጠው) ሰው የሌላ ሰውን ፋይል ከፎልደር ሲያወጣው ፋይሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ከፎልደሩ ወጥቶ ባለቤቱ ድራይቭ ውስጥ የሆነ ቦታ ይቀመጣል፣ በፎልደር ብትፈልገው አታገኘውም፣ በስሙ ሰርች ስታደርግ ግን ይመጣል። ስለዚህ ስድስታችሁም በየአካውንታችሁ የደንበኛውን ስም ሰርች አድርጉ። በአማርኛ የተሰየመ ከሆነ ደግሞ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ሞክራችሁ እንዳትተዉ። እኛ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ሁሉንም አንድ አድርገን ነው የምናነበው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠራተኛ ብሎ የተቀመጠን ፔሮል ሰራተኛ ብለህ ስትፈልገው "ምንም የለም" ሊልህ ይችላል፣ ፋይሉ ግን አለ። ቲን ነምበር ስም ላይ ካለ በሱ ፈልጉ፣ ቁጥር እንዲህ አያጣላም።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ። ድራይቭ ላይ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ኦነር (ባለቤት) አለው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ፎልደሩ የኔ ከሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ የኔ ነው ብሎ ያስባል፣ አይደለም። አንተ በሷ ፎልደር ውስጥ ፒዲኤፍ ስትጭን የፒዲኤፉ ባለቤት አንተ ነህ፣ ቦታ የሚበላውም ካንተ 15 ጊጋ ላይ ነው፣ ፎልደሩ ግን የሷ ነው። (ድሮፕቦክስ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል፣ እዛ ሼር የተደረገ ፎልደር የሁሉም አባል ኮታ (የተፈቀደ ቦታ) ላይ ይቆጠራል፣ ነጻው ደግሞ 2 ጊጋ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ባስቀመጠው ፋይል ያንተ ሊሞላ ይችላል።) እናንተ ጋ እንግዲህ ፋይሉ በስድስት ሰው ስም ተበታትኖ ነው ያለው ማለት ነው። እሷ ብትለቅና አንድ ቀን ድራይቯን ላጽዳ ብላ ብታጠፋው የሷ የሆነው ሁሉ ከናንተም ይጠፋል፣ ዝም ብላ ብትተወውም ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ የማጥፋት ፖሊሲ አለው፣ 2023 ላይ ነው ያወጡት። ሞልቶ አልፎ ሁለት ዓመት የቆየ አካውንት ላይም እንደዛው መሰረዝ ይችላሉ።

የትኛው የማን እንደሆነ ለማየት ፎልደሩን ኮምፒውተር ላይ ክፈትና ከግሪድ ወደ ሊስት ቀይረው፣ ኦነር የሚል ኮለመን አለ። ወይም ሰርች ሳጥኑ ላይ ካለው ፊልተር ውስጥ ኦነር የሚለውን መርጠህ የሷን ኢሜይል ጻፍበት፣ የሷ የሆነው ብቻ ተዘርዝሮ ይወጣልሃል። ያ ዝርዝር ነው የዚህ ወር ስራችሁ።

ከዛ አዲስ የቢሮ አካውንት ትከፍታላችሁ (እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ) እና ባለቤትነቱን ወደዛ ማዛወር ነው። እሷ ፋይሉን ሼር የሚለው ውስጥ ትገባለች፣ የቢሮውን ኢሜይል ኤዲተር አድርጋ ትጨምራለች፣ ከዛ ስሙ አጠገብ ካለው ምርጫ ትራንስፈር ኦነርሺፕ ትላለች። በግል አካውንቶች መካከል ሲሆን ግን እዚህ አያልቅም፣ ለተቀባዩ ግብዣ ይላካል፣ በቢሮው ኢሜይል ገብታችሁ እሺ ካላላችሁ የፋይሉ ባለቤት እሷ ሆና ትቀጥላለች። ልኬዋለሁ ብላ ትሄዳለች፣ ማንም አልተቀበለውም፣ ዓመት ቆይቶ ነው የሚታወቀው። ሌላው ደግሞ ፎልደሩን ብቻ ብታዛውሩት ውስጡ ያለው ፋይል አብሮ አይዛወርም። ፎልደሩ የቢሮው፣ ፋይሉ የሷ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን ራሳቸውን መምረጥ ነው። እና ቦታ የሚበሉት ተቀባዩ ላይ ስለሆነ አዲሱ አካውንት መያዝ መቻሉን ቀድማችሁ እዩ።

ትራንስፈሩ አልሄድ ያለ ፋይል ካለ ሁለተኛ መንገድ አለ፣ በቢሮው አካውንት ገብታችሁ ፋይሎቹን ምረጡና ሜክ ኤ ኮፒ በሉ፣ ኮፒውን ያደረገው አካውንት ባለቤት ይሆናል። ኮፒው እዛው ጉግል ጋ ነው የሚሰራው፣ የናንተን ኢንተርኔት አይነካም። ይሄን የምለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ዳውንሎድ አድርጎ መልሶ መጫን ስለሆነ ነው፣ እስቲ አስላው፦ 15 ጊጋ በ2 ሜጋቢት አፕሎድ ስትጭነው 17 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያውም መስመር ሳይቋረጥ፣ መብራት ሳይሄድ፣ ማንም ዩቲዩብ ሳይከፍት። ኮፒ የራሱ ጉድለት አለው፣ የድሮ ቨርዥኖች (ፋይሉ ከመቀየሩ በፊት የነበሩት ቅጂዎች) እና ኮሜንቶች አብረው አይመጡም፣ የተላከ ሊንክ ካለም አሮጌውን ፋይል ነው የሚከፍተው፣ ፎልደርን ሙሉውን በአንዴ ኮፒ ማድረግም ዌብሳይቱ ላይ የለም፣ በየፎልደሩ ገብቶ ፋይሎቹን መምረጥ ነው። ግን ለተዘጋ ዓመት ደረሰኝና ስካን የቨርዥን ታሪክ ምን ያደርጋል፣ በኮፒ ጨርሱት። እየተሰራበት ያለውን ኤክሴል ብቻ በትራንስፈር ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልለው አላልፍም። "ፓስወርዷን ተቀብለን እንቀይረው" የሚል ሐሳብ ጥያቄህ መጨረሻ ላይ አይቻለሁ። ይሄን አታድርጉ። የግል ጂሜይሏ ነው፣ የቤተሰቧ ፎቶ፣ የባንክ መልዕክቷ፣ ሁሉ ነገሯ እዛ ነው፣ ቢሮው አስቀድሞ የራሱን አካውንት አለመክፈቱ የሷ ጥፋት አይደለም። ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሶስት ቀን አብራችሁ ስሩ፣ በስራ ሰዓቷ፣ ከማስረከቢያው ስራ እንደ አንዱ ተቆጥሮ። በተግባርም ቢሆን ፓስወርዱ ብቻውን አይበቃችሁም፣ ከአዲስ ኮምፒውተር ልትገቡ ስትሉ ጉግል ኮድ የሚልከው የሷ ስልክ ላይ ነው።

ከኮድ ጋር በተያያዘ አዲሱ የቢሮ አካውንት እንዴት ይከፈት የሚለው። ስልክ ቁጥሩ በድርጅቱ ወይም በባለቤቱ ስም የወጣ ሲም ይሁን፣ ሰራተኛ ኪስ ውስጥ የሚዞር ሲም አይሁን፣ ሲሙም ስራ ላይ ይቆይ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ያለ ቁጥር ተቋርጦ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከፓስወርዱ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩት፣ ከዛ ባካፕ ኮድ የሚል አለ፣ ስምንት ስምንት አሃዝ የሆኑ አስር ኮዶች ይሰጣችኋል፣ ፕሪንት አድርጋችሁ ካዝና ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አስቀምጡት። ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገባችሁ እሱ ነው። እና ይሄን አካውንት ስድስት ሰው እየተቀባበለ አይግባበት፣ እሱ ባለቤት ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሁላችሁም በየራሳችሁ ጂሜይል ሼር ተደርጎላችሁ ስሩ። አንድ ፓስወርድ ለስድስት ሲሆን አክቲቪቲው ላይ የሚታየው አንድ ስም ነው፣ ያን ጊዜ ማን አጠፋው ብሎ መጠየቅም ከንቱ ነው።

ብታስተውል ግን ነገ አዲስ ፋይል ሲጭኑ እነዛ ፋይሎች እንደገና በየጫኚው ስም ይሆናሉ። በነጻው ድራይቭ ይሄን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም። የሚዘጋው የሚከፈልበት የጉግል ወርክስፔስ (ለድርጅቶች የተዘጋጀው የጉግል አገልግሎት) ሼርድ ድራይቭ ነው፣ እዛ ፋይሉ የድርጅቱ እንጂ የማንም ሰው አይደለም፣ ሰው ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል ፋይሉ እዛው ይቆያል። ዋጋው በሰው ነው የሚታሰበው፣ ለስድስት ሰው በዶላር በየወሩ መክፈል ለናንተ ቢሮ ይከብዳል ወይ የሚለውን አንተ ታውቃለህ። ካልሆነ ያለው አማራጭ ስካነሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የቢሮው አካውንት ብቻ እንዲገባበት ማድረግ ነው፣ ስካን የሚደረገው ሁሉ ከዛ ይጫን፣ ትልቁ ክምችት በቢሮው ስም ይሆናል፣ ሌላው ሰው የሚጭነውን በየወሩ መጨረሻ ኮፒ ማድረግ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሰራል።

የሞላው 15 ጊጋስ? መጀመሪያ በምን እንደሞላ ይታይ። 15ቱ የድራይቭ ብቻ አይደለም፣ ጂሜይልና ጉግል ፎቶስ አብረው ይካፈሉታል፣ ፎቶስ ከ2021 ሰኔ (የፈረንጅ) ጀምሮ ነጻ መሆኑ ቀርቷል፣ አንድሮይድ ላይ ያለ የዋትሳፕ ባካፕ ደግሞ ድሮ አይቆጠርም ነበር አሁን ይቆጠራል። ስለዚህ "ድራይቩ ሞላ" ያላችሁት የቢሮው ፋይል ላይሆን ይችላል፣ የልጅቷ የሰርግ ቪዲዮዎችና የዋትሳፕ ግሩፕ የጠዋት ሰላምታ ምስሎች ሊሆኑ ይችላሉ። የስቶሬጁን ገጽ ከፍታችሁ በመጠን ደርድሩት፣ ከላይ ያሉትን ትልልቆቹን ብታዩ ይበቃል። ትራሽ ውስጥ ያለውም ከኮታ ላይ ይቆጠራል፣ የጠፋውን ፎልደር ፍለጋ ሳትጨርሱ ግን ትራሽ ባዶ እንዳታደርጉ!

ስካኑን ደግሞ እዩት። ሂሳብ ቢሮ የሚሞላው በደረሰኝ ነው። ብዙ ጊዜ ስካነሩ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሱ ነጥቦች ብዛት) በከለር ላይ ተደርጎ ተረስቶ ነው የሚገኘው፣ አንድ ኤፎር ገጽ በዛ ሲነሳ 4960 በ7016 ፒክሰል ነው፣ ወደ 35 ሚሊዮን ፒክሰል ማለት ነው፣ ለአንድ የነዳጅ ደረሰኝ! ወደ 300 ብታወርደው ፒክሰሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ግሬይስኬል (ያለ ከለር፣ በግራጫ) ብታደርገው ደግሞ ሌላ ይቀንሳል፣ ቁጥሩም ማህተሙም ጥርት ብሎ ይነበባል። ማህተሙ በከለር እንዲታይ የሚያስፈልግ ውል ምናምን ካለ እሱን ብቻ በከለር። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ ወረቀቱ በጊዜ ስለሚደበዝዝ እሱን ሳታሳድሩ ስካን አድርጉት፣ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልበቃ ያን ጊዜ በቢሮው አካውንት ላይ 100 ጊጋውን ግዙ፣ ሲጸዳ ግን የሚበቃችሁ ይመስለኛል። ስትገዙ ማን እንደሚከፍል አስቡበት። እዚህ ኢንተርናሽናል ካርድ የሌለው ሰው ሜሪላንድ ያለ የአጎት ልጅ ካርድ ላይ ያስገባዋል፣ ካርዱ ኤክስፓየር ሲያደርግ ሰብስክሪፕሽኑ ይቋረጣል፣ አካውንቱ ወደ 15 ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ያለው ፋይል ወዲያው ባይጠፋም አዲስ መጫን አይቻልም፣ ጂሜይሉም መላክና መቀበል ያቆማል። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው የሚመጣበትን ኢሜይል አንድ ሰው በየቀኑ የሚያየው መሆን ያለበት።

ወደ ሼር እንምጣ፣ ምክንያቱም ለደንበኞች "ሊንኩን ቴሌግራም ላይ እንልክላቸዋለን" ብለሃል። ሊንኩ ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ ላይ ከሆነ ፎርዋርድ የተደረገለት ሁሉ ያለምንም ፓስወርድ ይከፍተዋል፣ ያውም ኤዲተር ከሆነ ስሙ የማይታወቅ ሰው ገብቶ መቀየር ይችላል። ሺት ከፍተህ ከላይ "አኖኒመስ ካፒባራ" የሚል እንስሳ ካየህ እሱ ነው፣ አስቂኝ ይመስላል፣ የሚያየው ግን የሰው ደሞዝ ነው። የደንበኛ ፎልደር ሁልጊዜ ሬስትሪክትድ (የተጋበዘ ሰው ብቻ የሚከፍተው) ይሁን፣ በደንበኛው ኢሜይል ብቻ ይጋበዝ፣ ቪወር (ማየት ብቻ የሚችል) ሆኖ። ሴቲንጉ ላይ ኤዲተሮች ለሌላ ሼር ማድረግ ይችላሉ የሚል አለ፣ አጥፉት፣ ከጅምሩ የበራ ነው።

ሌላው የፎልደር አወራረድ። ላይኛው ፎልደር ላይ የሰጠኸው መብት ወደታች ይወርዳል፣ "ደንበኞች" የሚለውን ትልቁን ፎልደር ለአንድ ደንበኛ ሼር ካደረግክ የሁሉንም ደንበኛ ገመና አሳየኸው ማለት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ በየደንበኛው ፎልደር ውስጥ ሁለት ንዑስ ፎልደር፣ አንዱ "ለደንበኛው"፣ ደንበኛው ቪወር የሆነበት፣ ሌላው "ከደንበኛው" እሱ የሚጭንበት፣ የተቀረው የቢሮው የውስጥ ስራ ሆኖ ለማንም አይታይም። "ከደንበኛው" የሚለው ውስጥ የሚገባው ፋይል ባለቤቱ ደንበኛው ነው፣ ነገ ሲጣላችሁ ሊያነሳው ይችላል፣ ስለዚህ እንደገባ ኮፒ አድርጉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016፣ የሰው መታወቂያ፣ ደሞዝና የባንክ ሒሳብ የምትይዙ ሰዎች እንደመሆናችሁ አንዴ ብታነቡት አይከፋም።

ኤክሴሉን ሁለት ሰው እየከፈተ አንዱ የአንዱን ሰርዞበት የሚቀረው ነገር ብዙም አያስጨንቅህ፣ መፍትሄው አለ። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ማኔጅ ቨርዥንስ በል፣ የተጫነ ፋይል ከሆነ የድሮዎቹ ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቨርዥን ይቆያሉ፣ የሰኔ መዝጊያ ሲሆን ያንን ቨርዥን ኪፕ ፎርኤቨር በለው። ሁለት ሰው በአንዴ የሚሰራበት ከሆነ ደግሞ ዳውንሎድ እያደረጉ መልሶ መጫኑን ትታችሁ እዛው ብራውዘር ላይ ክፈቱት።

አሁን የአለቃህ ቴሌግራም። አልንቀውም፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ በደካማ ኔትወርክም ይጨርሳል፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ ለመላላኪያ የሚያህለው የለም። ለማህደር ግን አይሆንም። ባለቤትነቱ ከስልክ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው፣ ለተወሰነ ወራት ካልገባህ አካውንቱ ራሱን የሚያጠፋበት ሴቲንግ አለው፣ ግሩፑን የከፈተው ሰው ሲለቅ አሁን ያላችሁበት ጣጣ ውስጥ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ፎቶ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ የደረሰኙ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ፋይል ተብሎ ካልተላከ በስተቀር። ተራው ቻትና ግሩፕ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተቆለፈ አይደለም፣ ያ ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። እና ስሙ፣ "ፔሮል ፋይናል"፣ "ፔሮል ፋይናል 2"፣ "ፔሮል የመጨረሻው ይሄን ተጠቀሙ" እያለ የሚሄደው ነገር፣ የትኛው ነው ለገቢዎች የገባው? ለአለቃህ እንዲህ በላቸው፦ መላኩ በቴሌግራም ይሁን፣ ማስቀመጡ በድራይቭ።

ስም ካነሳን ዘንድ የወሮቹን ፎልደር በቁጥር አስጀምሩት። በወር ስም ብቻ ከሰየማችሁት ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ይደረድረዋል፣ ሐምሌ ቀጥሎ መስከረም፣ ከዛ መጋቢት፣ ከዛ ሚያዝያ ይመጣል፣ ነሐሴ ታች የሆነ ቦታ ይወሸቃል። የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 ከሆነ 01 ሐምሌ፣ 02 ነሐሴ እያላችሁ እስከ 12 ሰኔ ሂዱ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር። ዓመቱን በኢትዮጵያ ከጻፋችሁ ሁሉም ሰው በኢትዮጵያ ይጻፍ፣ አንዱ 2017 ሌላው 2025 ሲል ሰባትና ስምንት ዓመት የሚበላ ጨዋታ ውስጥ ነው የምትገቡት። ድሮ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሏችሁ ጉግል ዶክስ ላይ ስትከፍቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይመጣሉ፣ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አሰራር) ስላልሆነ ነው። ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ አስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩ ሳይጣል።

እና ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን እንዳታጣጥፉ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ የበጀት መዝጊያ ነበር፣ ፋይሉ ሁሉ ድራይቭ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ምን ይሰራል? ድራይቭ ፎር ዴስክቶፕ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጭኑ ስትሪም ወይም ሚረር ብሎ ይጠይቃል፣ ስትሪም ካላችሁ ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ይመስላል እንጂ የለም፣ ኔት ሲጠፋ ስሙ ይታያል አይከፈትም። ቢያንስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሚረር (ፋይሉ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥበት) ይሁን። ሲንክ (ኮምፒውተሩንና ድራይቩን እኩል የሚያደርገው) ግን ባካፕ አይደለም፣ እዚህ የሰረዝከው እዛም ይሰረዛል፣ ከፍላሽ የመጣ ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፈው የተቆለፈው ወደ ላይ ይጫናል። ስለዚህ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙና በየሳምንቱ አርብ ኮፒ አድርጋችሁ ንቀሉት፣ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ነው የሚታመመው፣ ቢቻል ከቢሮው ውጪ ይደር።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት በመጨረሻው ሳምንት ጉግል ቴክአውት (ሰው የራሱን ዳታ ከጉግል የሚያወርድበት ገጽ) ላይ ገብታ ሁሉን ምርጫ አጥፍታ ድራይቭ ብቻ መርጣ ታውጣው። የግሏ ነገር አብሮ እንዳይመጣ የትኞቹን ፎልደሮች እንደሚያወጣ መምረጥ ይቻላል። የዚፑን መጠን 2 ጊጋ 2 ጊጋ አድርጉት፣ 50 ጊጋ የሚል ምርጫ አለ ግን ዳውንሎዱ መሃል ላይ ሲቋረጥ ከዜሮ መጀመር ነው። ሊንኩ ለሰባት ቀን ብቻ ስለሚሰራ አርብ ማታ አዝዛችሁ አትርሱት። ከዛ በአዲሱ አካውንት የተቀበላችሁትን እዚህም እዚያም አስር አስራ አምስት ፋይል መዝዛችሁ ክፈቱ፣ ከየዓመቱ፣ ከየደንበኛው፣ ኦነር የሚለው ላይ የቢሮው ስም መሆኑን እዩ። እሷም ከሄደች በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከድራይቯ ምንም እንዳታጠፋ በትህትና ለምኗት። የጠፋውን ፎልደር አክቲቪቲው ላይ ምን እንደሚል ካየህ በኋላ ጻፍልኝ፣ ከዛ የት እንዳለ አብረን እናየዋለን።